ለአጥቂው ዋስ የሆንኩበት ክረምት

ነገሩ በጠቅላላው አራት መቶ ስልሳ ብር አስወጣኝ። ዝርዝሩን ለሚወድ ሰው፦ ሰንጋዬ ከስቶ ሲሸጥ የጎደለው ዘጠና አምስት፣ በክረምቱ ሱቄን ዘግቼ ያጣሁት ትርፍ ሁለት መቶ ሰማንያ፣ ለወጌሻው በግና ለጠላ የወጣው ስልሳ፣ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ያልወጣው የቆዳ ጫማዬ ሃያ አምስት። የሞጣ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ አምስት መቶ ያደርጉታል። የሞጣ ሰው የቢቸናን ኪሳራ ሲቆጥር እጁ ሰፊ ነው።

ያን ጊዜ ቢቸና ላይ እህልና ቆዳ እነግድ ነበር። በደርግ ጊዜ ነጋዴ መሆን ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ ቆዳ እንደ ማስጣት ነው፤ ሥራው ይሠራል፣ ዓይን ግን ከሰማይ አይነሳም። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተናጋሪው «ስግብግብ ነጋዴዎች» ባለ ቁጥር አዳራሹ በሙሉ ዞሮ የሚያየው እኔን ነው። ስለዚህ ለስፖርት ኮሚቴ ሰው ሲፈለግ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ኳስ አልወድም ነበር፤ ግን የሚነግድና ስፖርት የሚወድ ሰው፣ መነገድ ብቻ ከሚያውቅ ሰው ይሻላል ብዬ ነው።

ከተማችን በየዓመቱ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ከሞጣ ጋር ይጫወታል። አንድ ዓመት እዚህ፣ አንድ ዓመት እዚያ። ሞጣ ሁለት ዓመት በተከታታይ አሸንፎን ነበር። ይህ እንዲሁ የኳስ ነገር እንዳይመስላችሁ። የሞጣ ነጋዴ ጤፍ ሊገዛ ሲመጣ የጤፉን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «ለመሆኑ ስንት ለስንት ነበር የተለያየነው? ረሳሁት» ይላል። እንዲህ ብሎ ከጀመረ ሰው ጋር ዋጋ መከራከር አስቸጋሪ ነው።

በሦስተኛው ዓመት አንድ አጥቂ አገኘን። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የገበሬ ማኅበር የመጣ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሮ አባቱ ሲሞት ወደ እርሻ የተመለሰ ልጅ። ቀን ሲያርስ ውሎ ማታ ሜዳ ይመጣል። ኳስ ይዞ ሲሄድ የሚያርስ ሰው አካሄድ አለው፤ ፊቱን ቀና፣ እግሩን ጠበቅ፣ መሬቱን ሳያይ። ማንም አያስጥለውም። ችግሩ እናትየዋ ነበሩ።

እናትየዋ ያላቸው አንድ በሬ ነው። ጎረቤታቸው አንድ ሽማግሌ አሉ፤ የእሳቸውም አንድ በሬ ነው። ሁለቱን በሬ አቀናጅተው የሁለቱንም ቤት መሬት በተራ ያሳርሳሉ፤ ሽማግሌው ጉልበት ስለሌላቸው እርፉን የሚይዘው ለሁለቱም ቤት ልጁ ነው። ሴት በእኛ አገር አታርስም። እንግዲህ ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ሁለት ቤት ጾሙን ያድራል። ባለፈው ዓመት ደግሞ የሞጣ ተከላካይ የግራ ክንፋችንን እግር ሰብሮት ነበር፤ አጥንቱ ጠምሞ ገጠመ።

የግንቦቱ ጨዋታ ሲቃረብ እናትየዋ ልጁን ከለከሉ። ላነጋግራቸው ሄድኩ። እሳቸው ሃምሳውን ያለፉ፣ እኔ ገና ሠላሳ አምስት ያልሞላኝ።

«እትዬ፣ ልጁ እኮ የከተማው ተስፋ ነው» አልኳቸው።

«ያ የተሰበረውም ተስፋችሁ ነበር» አሉ። «አሁን ቀበሌው በር ላይ ቁጭ ብሎ ሲጋራ በፍሬ ይሸጣል። ያን ሁሉ ያጨበጨበ ሰው አንዳንድ ሲጋራ ቢገዛው እኮ ሀብታም በሆነ ነበር።»

«ምንም ነገር ቢደርስበት ኮሚቴው ዝም አይልም።»

«መናገሩንማ አላጣሁትም። ኮሚቴ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል! ማረስ ይችላል ወይ ነው የምልህ።»

 ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀጠሉ። «ስማኝ አንተ ነጋዴ። ልጄ ማረስ ቢያቅተው የሚያርስልኝ ሰው ስጠኝ። ኮሚቴ አትበለኝ። ስሙን ጠርቼ ደጁ ድረስ የምሄድበት አንድ ሰው። ያን ጊዜ ውሰደው።»

እንግዲህ የሰው ልጅ ጉልበት ዋስትና ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ከደብረ ማርቆስ አልፎ አልፎ ወደሚመጣ የመድን ሠራተኛ ዘንድ ነው። ለጭነት መኪኖች ጉዳይ ሲመጣ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ባለመኪኖቹን ያስተናግዳል። ክራቫት ያሰረ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ጨዋ ሰው ነው።

«መድን የሚገባለት ሰው ሥራው ምንድን ነው?» አለኝ።

«አጥቂ ነው።»

«ደመወዙስ?»

«ሲያገባ እናጨበጭባለን።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ጭብጨባ እንዴት አድርጌ ልመዝግብልህ? ሌላ ሥራ የለውም?»

«ገበሬ ነው።»

ሰውየው አልዋሸኝም፤ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ልጁ ቢሞት፣ ዓይኑ ቢጠፋ፣ እግሩ ጨርሶ ቢቆረጥ የሚከፈለውን ነገረኝ፤ ደህና ገንዘብ ነው። ተሰብሮ የሚድን ከሆነ ግን የሕክምናው ወጪ ብቻ ነው። ሥራ ፈትቶ ለሚቀመጥበት ጊዜ እንዲከፈለው በወር የሚያገኘው ተለይቶ መታወቅ አለበት፤ ገበሬ ደግሞ የሚያገኘውን የሚያውቀው አውድማ ላይ ነው። እናትየዋም የጠየቁኝ ብር አልነበረም። ሐምሌ ላይ አራሽ በብር አይገኝም፤ ሁሉም የራሱ መሬት ላይ ነው።

ስንሰነባበት አንድ ነገር በነጻ ነገረኝ። «ዋስትና ስትገዛ መቼ እንደሚከፍሉህ አትጠይቅ። መቼ እንደማይከፍሉህ ጠይቅ።» ሻዩን እኔ ከፈልኩ።

ቀጥሎ የእድራችን ዳኛ ዘንድ ሄድኩ። ጥላቸው ከእጃቸው የማትለይ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ሳልጨርስ «ሞተ እንዴ?» አሉኝ።

«አልሞተም። ወደፊት ቢሰበር ብዬ ነው።»

«ወደፊት? ገና ሳይሰበር?» ጥላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኛ ያለን ድንኳንና ድስት ነው፣ ልጄ። ለተሰበረ እግር ድንኳን ልንጥልለት ነው? ለተሰበረ ወጌሻ አለ። ሲሞት ና።»

ስለዚህ ወደ ሰፈሬ ሰዎች ተመለስኩ። ኮሚቴው ውስጥ ከሊቀመንበሩና ከእኔ ሌላ አንድ የጨርቅ ነጋዴና አንድ ጠጅ ቤት ያለው ሰው አሉ። ልጁ ቢሰበር ሦስታችን ተካፍለን በሬና አራሽ እናቅርብ አልኳቸው። የጨርቅ ነጋዴው በአደባባይ እንዲነገርለት ብቻ ጠየቀ፤ ተነገረለትም። ባለጠጁ ግን ጠንቃቃ ነው። «እግሩ ከሆነ እሺ» አለ። «ኳስ የእግር ነው፤ ለእግሩ እቆማለሁ። ሌላ ሌላውን አላውቅም። ሆዱን ቁርጠት ቢይዘው በኔ ጠጅ እንዳታሳብቡ።» ተሳስቀን ተጨባበጥን።

በዚያ ሰሞን ቆዳ ላደርስ ሞጣ ሄጄ ነበር። እዚያ ቆዳዬን የሚረከበኝ ነጋዴ ከእኔ ዕድሜ የሚስተካከል፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። እሱም እንደኔ ስፖርት ኮሚቴ ውስጥ የገባው ነፍሱን ለማዳን ነው። መጋዘኑ ውስጥ ቆዳ ላይ ቁጭ ብለን ሐሳቤን ነገርኩት።

«ያንተ ተከላካይ የኔን አጥቂ ቢሰብር አንተ በሬና አራሽ ትሰጠኛለህ። የኔ ሰው ያንተን ሰው ቢሰብር ደግሞ እኔ እሰጥሃለሁ።»

«ታዲያ የኔ ተከላካይ ሜዳ ምን ሊሠራ ይገባል?»

«ኳስ ሊያስጥል።»

«ኳስ አስጥሎ እኮ አያውቅም!» ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሆኖም ግብ ጠባቂያቸው የእህቱ ልጅ ነበርና ነገሩ ገባው። «እሺ። የኔ ሰው ከሰበረው በኔ።»

ይህ በሕይወቴ ከገዛሁት ነገር ሁሉ የረቀቀው ነው እላለሁ። የሚሰብረን ሰው ራሱ ዋስ ሆነ፤ ያውም ሳንቲም ሳልከፍል። ከሞጣ ቢቸና እስክደርስ ጭነት መኪናው ላይ ብቻዬን ስስቅ መጣሁ።

ከዚያ እናትየዋ ዘንድ ሄጄ ቃሉን አነበነብኩ፦ «ልጁ በጨዋታ ላይ እግሩ ቢሰበር በሬና አራሽ አቀርባለሁ።» ጎረቤታቸው ሽማግሌው አሉ፤ ለምስክርነት የተጠሩ አንድ ቄስም አሉ።

እናትየዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግሩ አትበል። የትኛው እንደሚሰበር አንተ መርጠህለት ነው? ማረስ ካቃተው በል።»

«እሺ፣ ማረስ ካቃተው።»

«በጨዋታ ላይም አትበል። መኪናው ቢገለበጥስ? በዚያ በምትሄዱበት መንገድ? ከደጄ ወጥቶ ደጄ እስኪገባ በል።»

ሽማግሌው «ይበል እንጂ» አሉ፤ ቄሱም እኔን ያዩ ጀመር። ይህን ጊዜ ልቤ ትንሽ አመነታ። የመድን ሠራተኛው የነገረኝ ትዝ አለኝ። ባለጠጁ የቆመልኝ ለእግር ነው፤ የሞጣው የቆመልኝ የሱ ሰው ከሰበረው ነው፤ እኔ አሁን የምቆመው ለሁሉም ነው። በመሀል ያለው ክፍተት የኔ ነው። አሰላሁት። የኳስ ተጫዋች በእግሩ ይሰበራል፣ የሚሰብረውም ተከላካይ ነው። ቀሪው ቀዳዳ መርፌ አያስገባም። «ከደጅዎ ወጥቶ ደጅዎ እስኪገባ» አልኩ። ስሌቱ ልክ ነበር። ዛሬም ቢሆን እንደዚያው ነው የማሰላው።

በግንቦት የጨዋታው ዕለት በእህል መኪና ተጭነን በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ገባን። አቧራው ሁላችንንም አንድ መልክ ስላደረገን የሞጣ ሰዎች አጥቂው የትኛው እንደሆነ እስክንታጠብ አልለዩም።

ጨዋታው እንዳሰብኩት ሆነ። የሞጣው ነጋዴ ለተከላካዩ በሬና አራሽ ስንት እንደሚያወጣ አስረድቶታል። ያ ባለፈው ዓመት ሰው የሰበረ ጎረምሳ ልጃችን ሲመጣ እንቁላል እንደ ተሸከመች ሴት ዞር እያለ ያሳልፈዋል። ደጋፊያቸው «ምን ነካህ! ያዘው እንጂ!» ይላል፤ እሱ ወደ ነጋዴው ያያል፤ ነጋዴው ሰማይ ሰማዩን ያያል። ልጃችን ሁለት አገባ። እነሱ አንድ። ፊሽካ ተነፋ።

ነጋዴው ሜዳውን አቋርጦ መጥቶ ጨበጠኝ። «ይኸው ሰውህ። አንድ ፀጉር አልጎደለበትም። ተረከብ።»

«ተረክቤአለሁ» አልኩ።

ገና እጄን ሳይለቅ የኛ ደጋፊዎች ከየአቅጣጫው ሮጠው ገቡ። ሁለት ዓመት የታፈነ ሆታ ነው። ልጁን ብድግ አድርገው ትከሻቸው ላይ አወጡት፤ ከፊት የያዘው የኮሚቴያችን ሊቀመንበር ራሱ ነው። እኔ አልነበርኩበትም፤ የልጆቹን ልብስ ይዤ ነበር። እየጨፈሩ ወደ መኪናው ወሰዱት። ሜዳው ዳር ላይ የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። የፊተኞቹ ቦዩን አዩት፤ ዘለሉት። የኋለኞቹ አላዩትም። ልጁ ከላይ በቀኝ ክንዱ ወረደ።

ድምፁን ሰማሁት። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ነው።

ጭፈራው አንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ሊቀመንበሩ ከቦዩ ማዶ ቆሞ እጁን ገና እንዳነሳ ነው። ልጁ አልጮኸም። ክንዱን አቅፎ ተቀመጠና ወደኔ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ እማዬ ምን ትለኛለች?» አለ።

የሞጣው ነጋዴ ከአጠገቤ አልራቀም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«የኛ ሰው ነክቶታል?»

«አልነካውም።»

«ፊሽካውስ?»

«ተነፍቷል። ተረክቤዋለሁም። ዝም በል አሁን፤ እኔም አንተን ብሆን አልከፍልም።»

«ወጌሻ ግን ልጥራ» አለና ሮጠ። ሞጣ ላይ ስሙ የተጠራ ወጌሻ መጣ፤ አጥንቱን መልሶ በሸምበቆ አሰረው። በግ ገዝቼ ሰጠሁት። ወጌሻው እየተጣጠበ «እስከ መስቀል እርፍ እንዳይጨብጥ» አለኝ። እስከ መስቀል ማለት ክረምቱ በሙሉ ማለት ነው። ማሳው ሳይታረስ ሐምሌ ሊመጣ ነው ማለት ነው።

ወደ ቢቸና ስንመለስ መኪናው ላይ የዘፈነ ሰው አልነበረም። አሸንፈን እንደ ተሸነፍን ሆነን ገባን። በማግሥቱ ሁለቱን የኮሚቴ ሰዎች ጠጅ ቤቱ ውስጥ አገኘኋቸው።

«ክንዱ ነው?» አለ ባለጠጁ።

«ክንዱ ነው።»

«እኔ የቆምኩት ለእግሩ ነው። ኳስ በእጅ ነው እንዴ የሚጫወቱት አሁን?»

የጨርቅ ነጋዴው ብርሌውን እያዞረ «እግሩ ቢሆን እኮ ዓይናችንን አናሽም ነበር» አለ። በአደባባይ መነገሩን ግን አልመለሰም።

እናትየዋ ዘንድ የሄድኩት ልጁን ላደርስ በዚያው በተመለስንበት ዕለት ነበር። ደጃቸው ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ክንዱን አዩ፤ ቀና አድርገው ፊቱን አዩ፤ ጉንጩን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉና ወደ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ብቻቸውን ወጡ።

«እንግዲህ ደጄ ገባ» አሉ።

«ገባ፣ እትዬ።»

«አራሼስ?»

«ሰኞ ይመጣል።»

ሰኞ ማን እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። ይመጣል ማለቴን ግን አውቃለሁ። በዚያ ዙሪያ ያለው ገበሬ ጤፉን የሚሰጠኝ በቃሌ ነው። ዛሬ ይሰጠኛል፣ ገንዘቡን ቆይቼ አመጣለታለሁ። ሰውየው ለመበለት የሰጠውን ቃል በላ ከተባለ፣ በኅዳር ሱቄ በር ላይ አንድ አህያ አይቆምም። ንግዴ እሱ ነው፤ ሚዛኑና ጆንያው ተከታይ ናቸው።

በሬ አላጣሁም። ለመስቀል አደልበው የነበረ አንድ ሰንጋ ነበረኝ። ጎረቤትየው ሽማግሌ በሬያቸውን ከሌላ ሰው በሬ ጋር አቀናጁ፤ አልፈረድኩባቸውም፣ የሳቸውም መሬት እየጠበቀ ነው። የጎደለው አራሽ ነው። ሰው ቀጥሬ ኋላ ነገር እንዳይመጣብኝ ብዬ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ጠየቅኩ። ጠረጴዛው ላይ እጁን አጣምሮ ሰማኝ።

«ጓድ፣ እሳቸው መበለት ስለሆኑ ሠራተኛ መያዝ ይችላሉ። አንተ ግን ነጋዴ ነህ። ነጋዴ ገበሬ ቀጥሮ ሲያሳርስ ምን ይባላል?»

«እርዳታ።»

«ብዝበዛ ነው የሚባለው።»

«እሺ፣ ራሴ ባርስስ?»

ይህን ሲሰማ ያጣመረውን እጁን ፈታ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ምስሎች አየ፤ ከነሱም መልስ ያገኘ አልመሰለኝም። በመጨረሻ «እሱማ...» አለ፣ «እሱማ ልማት ነው።»

ሰኞ ጧት ልማቱን ጀመርኩ።

አባቴ አራሽ ነበር፤ እኔም ከተማ ሳልገባ በፊት አርሻለሁ። እጅ አይረሳም ብዬ ነበር። እጅ ባይረሳም ወገብ ይረሳል። ሰንጋዬ ደግሞ ቀንበር አይቶ አያውቅም። በአንድ በኩል የእናትየዋ በሬ፣ ከሲታና ሥራውን የሚያውቅ፤ በሌላው በኩል የኔ፣ ስቡ የሚንቀጠቀጥ። ከሲታው ሲጎትት የኔ ወፍራም ቆሞ ያስባል። በሁለተኛው ትልም ላይ ተኛ።

ልጁ የተሰበረ ክንዱን በነጠላ ቁራጭ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በግራ እጁ ጅራፍ ይዞ ከጎኔ ይሄዳል።

«ጋሼ፣ እርፉን አይጫኑት! እየቆፈሩ እኮ ነው።»

«መሬቱ ነው የሚጎትተኝ።»

«መሬት አይጎትትም። ሊቀብሩኝ ካሰቡ ገና አልሞትኩም።»

ማሳው ከመንገድ ዳር ነው። ገበያተኛ በሚያልፍበት ቀን ሰው ይቆማል። እህል በሚዛን ሲሰፍር የሚያውቁትን ሰው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ከበሬ ኋላ ሲያዩት ማን ያልፋል? አንድ ቀን የጨርቅ ነጋዴው ራሱ መጣ። ጠባብ ጫማውን ሳያቆሽሽ ዳር ላይ ቆመና ጮኸ።

«ነጋዴው! ትልሙን የምትሸጠው በሜትር ነው በክንድ?»

«በክንድ ነው» አልኩት ሳልዞር። «ግን ባንተ ክንድ አልለካም፤ አጭር ነው።»

የእሱን ክንድ ማጠር ጨርቅ የገዛ ሁሉ ያውቃል። ገበያ የሚሄዱት ሴቶች ጭብጨባ በጭብጨባ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ሲያልፍ አላየሁትም።

አንዴ ደግሞ የሞጣው ነጋዴ ለቆዳ ጉዳይ መጥቶ ሱቄን ዝግ ሲያገኘው እማሳው ድረስ መጣ። ብዙ ሳቀ፤ ትከሻው እስኪደክመው። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ለልጁ ሰጠው።

«ግዴታ የለብኝም» አለ።

«የለብህም።»

«እንግዳ ሆኜ ነው።»

ሁለት ትልም አወጣ። ሁለቱም ወደ ሞጣ ያዘነበሉ ነበሩ።

ጤፍ መሬቱ ተመላልሶ እንዲታረስ ይፈልጋል። በሰኔም፣ በሐምሌም መላለስኩት። በዓላትን የዚያን ክረምት ያህል ወድጄ አላውቅም፤ በየወሩ ሥራ የሚከለክሉትን ቅዱሳን አንድ በአንድ ቆጥሬ ጠበቅኋቸው። ዝናቡ ሲበረታ መሬቱ ጥቁር ሊጥ ሆነ፤ አንድ ቀን ለስብሰባ የተጫማሁትን ጫማ ሳላወልቅ ገባሁና አንዱን እግር አሁንም እዚያው ትቼዋለሁ። ሌላውን ጣልኩት።

ለመዝራት ስንቃረብ መሬቱ ተረግጦ መጠቅጠቅ ነበረበት፤ ጤፍ ልል መሬት አይወድም። ሌላ ቤት ፍየልና ጥጃ ይነዳበታል። እናትየዋ ይህን ያህል ከብት የላቸውም። ለሊቀመንበራችን፣ ያ ከፊት ሆኖ ቦዩን የዘለለውን ማለቴ ነው፣ ነገርኩት። ከዚያ ዕለት ወዲህ ዓይኔን አያይም ነበር። በበነጋው የኳስ ቡድኑን በሙሉ ይዞ መጣ፤ ራሱም ሱሪውን ሰብስቦ ከነሱ ጋር ተሰለፈ። እየዘፈኑ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ረገጡት። ጠላ አስጠመቅሁላቸው። ያ የተሰበረው የግራ ክንፋችን እንኳ ሲጋራውን ትቶ መጥቶ እያነከሰ ረገጠ፤ ልጁ ከፊት ሆኖ ልክ እንደ አሰልጣኝ «ግራ! ቀኝ! መስመር ጠብቁ!» ይላል። እናትየዋ ዳር ቆመው አዩአቸው። «ሥራ ይዘው ሳያቸው ዛሬ ገና ነው» አሉ።

እኔ ዘሩን በተንሁ። ይህን ልጁ አላስተማረኝም፤ ከአባቴ የቀረልኝ እሱ ብቻ ነው።

መስቀል ሲደርስ የልጁ ክንድ ቀና ብሎ ተፈታ። በዚያው ሳምንት ሰንጋዬን ገበያ አወጣሁ። ገዢው ጎድኑን በጣቱ ቆጠረና «ይህ ሰንጋ ነው ወይስ ሰንጋ የነበረ?» አለኝ። በሰጠኝ ዋጋ ሸጥኩለት።

መኸሩ ደህና ሆነ። ታኅሣሥ ላይ፣ ገበያ በደራበት ቀን፣ እናትየዋ አንድ አህያ ጤፍ ጭነው ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ልጁ አህያዋን ይዟል፤ በቀኝ እጁ።

«ይሄ ምንድን ነው እትዬ? ዕዳ እኮ የለብዎትም።»

«ዕዳ ነው ማን አለህ?» አሉ። «ዕዳ ያለብህ አንተ ነበርክ፤ ከፍለሃል። ሞጣ በግንቦት ወደዚህ ይመጣል አሉ። ልጁ ይጫወታል። ይሄ ለሚመጣው ዓመት ነው።»

ገበያተኛው ጆሮውን አቀና። የቆመ የቆመው እየቀረበ ነው።

«እሱ ምንም ባይሆንስ?»

«ባይሆን ብላው። ምን አስጨነቀህ?»

«አንድ ነገር እጨምራለሁ እንግዲህ» አልኩ። «ትከሻ ላይ አይወጣም።»

«እኔ ከደጄ እስከ ደጄ ብያለሁ። አልቀንስም። የትከሻውን ነገር ባለ ትከሻዎቹን አነጋግር።»

ልጁ ከአህያዋ ጀርባ ይስቃል። ጆንያውን አወረድኩ፤ ሰዉ እያየ። ከእሳቸው በኋላ በዚያ ቀን እህላቸውን በቃሌ የሰጡኝ ባለአህዮች ብዙ ነበሩ፤ እነሱ የሌላ ሒሳብ ናቸው። በግንቦት ሞጣ ሲመጣ ደግሞ ሊቀመንበሩ ድምፅ ማጉያ ይዞ «ማንም ሰው ተጫዋች እንዳይሸከም! የተሸከመ ማሳ ያርሳል!» እያለ ሜዳውን ሲዞር ዋለ፤ ማንም አልተሸከመም፤ ልጁ በእግሩ ደጁ ገባ።

የእናትየዋን ጤፍ በመጣበት ዕለት ሰፍሬው ነበር። በዕለቱ ገበያ ዘጠና ብር አወጣ። ከአራት መቶ ስልሳ ላይ ዘጠና ሲቀነስ፣ ኪሳራ ሦስት መቶ ሰባ ብር።